ጌሾ በጠፋበት ዓመት የጠመቅኩት ጠላ

አዳማ የገባሁት አዲስ ሙሽራ ሆኜ፣ አንዲት ዶሮ ታቅፌ፣ በባቡር ነው። ያኔ ናዝሬት የሚል ሰው አልነበረም። ንግሥቲቱ ገና በዙፋን ላይ ነበሩ፤ ከተማው ማለት በጣቢያው ግራና ቀኝ የተሰለፉ የሣርና የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ ገበያ፣ አንዲት ቤተ ክርስቲያንና ብዙ አቧራ ነው። ባለቤቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር በእጅ በሚገፋ ጋሪ ወጥቶ የላላውን ብሎን ሲያጠብቅ፣ የሸሸውን ጠጠር ሲመልስ ውሎ፣ ማታ ፊቱ ዱቄት የተነፋበት መስሎ ይመለሳል።

እኔ ያደግኩት አድአ ነው። እናቴ በጠላ የታወቀች ነበረች፤ ሠርግም ይሁን ተዝካር፣ ድግሱ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚላክባት እሷ ናት። ከሥሯ ሆኜ ብቅል እያሰጣሁ ጋን እያጠብኩ ስላደግኩ፣ በሌላ ሙያ ብታማ በጠላ አልታማም ብዬ አስብ ነበር። አዳማ ውስጥ ግን ይህን የሚያውቅልኝ ሰው የለም። ለሰፈሩ ሰው እኔ ከባቡር የወረደች አንዲት ቀጭን ልጅ ነኝ፤ ሌላ ምንም አይደለሁም።

ባለቤቴ የማርያም ማኅበርተኛ ነበር። ከየአገሩ የመጡ የሸዋ ሰዎች በየወሩ በተራ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል። የእኛ ተራ ግንቦት ልደታ ላይ ወደቀ። ከዓመቱ ሁሉ ሰው የሚበዛበት ቀን ነው። የማኅበሩን ሴቶች የሚመሩት ደግሞ ከቡልጋ የመጡ አንዲት ወይዘሮ ነበሩ። እሳቸው ጠላ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ያሸታሉ፤ ቀጥለው ዋንጫውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው ያያሉ፤ ከዚያ ነው ወደ አፋቸው የሚያደርሱት። ካልጣማቸው ክፉ ቃል አይናገሩም። ዋንጫውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ ያስቀምጡታል፣ በቃ። አንዲት ሴት ቤት እንዲያ አድርገው፣ ያቺ ሴት ከዚያ በኋላ ገበያ ስትወጣ በሌላ መንገድ ዞራ እንደምትሄድ ሰምቻለሁ።

በዚያ ዓመት አንበጣ ወርዶ ነበር። እህሉ እንደምንም ተረፈ፣ ጌሾው ግን ቅጠል ሳይቀርለት ባዶ እንጨቱን ቀረ። ጌሾ የሌለው ጠላ ደግሞ ምሬትም ጉልበትም የለውም፤ የብቅል ውሃ ነው። እናቴ ዘንድ ላክሁ፤ ጓሮዋ ያለው ጌሾም አጥንቱ እንደቀረ መለሰችልኝ። አዳማ ገበያ ዞርኩ። ለፋሲካ ያስቀመጠ ሰው ካለም ደብቆ ይዞታል እንጂ አያወጣም። ሁዳዴ ተጋምሷል። እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ጎረቤቴ መጣች።

ይህች ጎረቤቴ ከአዋሽ ማዶ፣ ከአርሲ ደጋ የመጣች ሴት ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እቴቴ ነበር የምላት። ባሏ በአህያ ጨው እየጫነ አርሲ የሚወጣ ነጋዴ ነው። አማርኛዋ እንደ ልብ ነው፤ ስትቸኩል ብቻ ኦሮምኛው ይቀድማታል።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ" አለችኝ። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለቷ ነው። "ሰው ሞተብሽ እንዴ?"

"ጌሾ ነው የሞተብኝ፣ እቴቴ።"

ነገሩን ነገርኳት። አጠገቤ ተቀመጠችና እግሯን ዘርግታ ትንሽ አሰበች።

"የእኛ ቤት እኮ ጌሾ አልነበረም" አለች። "አገራችን ብርድ ነው፤ ጌሾ አይወደውም። እናቴ ፋርሶ፣ ጠላ ማለቴ ነው፣ ስትጠምቅ የምትጨምረው ጋቲራ ነበር።"

"ጋቲራ ምንድን ነው?"

"ጥድ ነዋ። በልግ ሲዘንብ ከጫፉ ለስለስ ብሎ የሚወጣው ቀንበጡ።"

ሳቅሁ። ለእኔ ጥድ ማለት የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነው፣ የበር ሳንቃ ነው፣ የሬሳ ሣጥን ነው። የሚጠጣ ነገር ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም።

"አንቺ ጠጥተሽዋል?" አልኳት።

"ልጅ ሆኜ ነው። ዋንጫ ሳነሳ ጠርዙን እልስ ነበር። ሽታው ግን እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።"

ይህን ስትል ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷን ሳይ ሳቄ ጠፋ። ያን ቀን ሥራ አልያዝ አለኝ። ዱቄት ስነፋም፣ ውሃ ስቀዳም፣ ጥዱን እንዴት አድርጌ ከብቅሉ ጋር እንደማገናኘው ነበር የማስበው። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው የሚበላውን አቁሞ አየኝ።

"በጥድ ጠላ ከተጠመቀ እኔም ነገ ከሐዲዱ ብሎን አምጥቼ ወጥ እሠራለሁ" አለ።

"እቴቴ ቤት ይጠመቅ ነበር።"

"ባይሆንልሽስ?"

"ባይሆንልኝ ጌሾ አጣሁ እላለሁ። ውሸት አይደለም።"

እንጀራውን ጠቀለለ። "እንግዲያስ ሂጂ። ወንዙን ግን ብቻችሁን እንዳትሻገሩ።"

የእቴቴ ባል ጨው ጭኖ ሲወጣ ተከተልነው። ከአዳማ ወጥተን አዋሽ ስንደርስ ውሃው ጎድሎ ነበር፤ ቀሚሳችንን ሰብስበን ድንጋይ ለድንጋይ ተሻገርን። ከዚያ ወዲያ ቆላው ረዘመብኝ። ግራር፣ ግራር፣ አሁንም ግራር። እቴቴ ግን አገሯ ስለሆነ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ ከሚያጋጥማት መንገደኛ ጋር ሁሉ ሰላምታ ታወርዳለች፤ ከብቱን፣ ልጁን፣ ዝናቡን ትጠይቃለች። በማግስቱ ዳገቱን ስንይዝ ነፋሱ ተለወጠ። ከፊቴ ላይ ሙቀቱ ሲነሳ ታወቀኝ። አንድ መታጠፊያ እንዳለፍን አፍንጫዬን የመታኝን ሽታ መቼም አልረሳውም፤ ርጥብ መሬት፣ ጭስና የጥድ ሙጫ። ቀና ስል ጫካው ከላያችን ቆሟል። ጥዶቹ ነጭ ጢም የመሰለ ነገር አንጠልጥለው፣ ጉሬዛዎቹ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘሉ ነጩ ጸጉራቸው እንደ ነጠላ ጥለት ይውለበለባል።

ያደርነው የእቴቴ ወንድም ቤት ነው። የወንድሟ ሚስት በትልቅ ቅል ወተት ይዛ መጣች። ጾም ነው ብዬ በእቴቴ ሳስነግራት አዘነችብኝ፤ እንግዳ ወተት ሳይጠጣ እንዴት ያድራል ብላ ከእቴቴ ጋር ተከራከረች። በመጨረሻ የተቆላ ገብስና የማር ውሃ አቀረበችልኝ። አማርኛ አታውቅም፣ እኔም ያኔ ኦሮምኛ አልችልም፤ ግን የመጣሁበትን ስትሰማ እጄን ይዛ እንደ እህቷ ሳበችኝ።

ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ጫካ ገባን። ቀንበጥ መልቀም ቀላል መስሎኝ ነበር። ያገኘሁትን ቅርንጫፍ ጨብጬ ስስብ እሾሁ እጄን ወጋኝ። የወንድሟ ሚስት ሳቀችና የራሷን ጣቶች አሳየችኝ፤ ያረጀውን ትታ፣ ከጫፉ ላይ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ የሆነውን፣ ሲነኩት እንደ ሐር የሚለሰልሰውን ብቻ በሁለት ጣት ቀንጠስ ታደርገዋለች። አንዱን ሰጥታኝ አኘክሁት። መጀመሪያ ኮምጠጥ አለ፣ ቀጥሎ መረረ፣ ከዚያ እንደ ምንጭ ውሃ የሚቀዘቅዝ ነገር እስከ ጉሮሮዬ ወረደ። ቆምኩ። "እቴቴ" አልኩ፣ "ይሄ እኮ ይሆናል።" እሷም እያኘከች ነበር፤ እንባ በዓይኗ ሞልቶ ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

ከጥዱ ጎን ዝግባም ነበር። እጄን ልሰድ ስል የወንድሟ ሚስት ፈጥና ያዘችኝ።

"ይሄን አትንኪ ነው የምትለው" አለች እቴቴ። "ሆድ ያማል አለች።"

ስንለቅም ዋልን። ጣቶቻችን በሙጫ ተጣብቀው ዳቦ ስንይዝ አብሮ ይነሳ ነበር። ጆንያዎቹን ሞልተን፣ አፋቸውን በቅጠል ከድነን በአህያ ጫንን። የእቴቴ ባል ወደ ላይኞቹ ገበያዎች መሄድ ስለነበረበት ወንድሟ እስከ ቆላው አፍ ሸኘንና ተመለሰ።

ችግሩ የመጣው አዋሽ ስንደርስ ነው። ከበላይ ዘንቧል። ያ ድንጋይ ለድንጋይ የተሻገርነው ወንዝ ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። አህያዋ ገና ከሩቅ ስታየው እግሯን ተከለች። ከዳር ተቀመጥን። ፀሐዩ በረታ። እጄን ጆንያው ውስጥ ስከት ቀንበጡ ሞቋል፤ እንደ ታፈነ ድርቆሽ ይግላል። እንዲህ ሆኖ ካደረ ይበሰብሳል። ነጠላችንን ግራር ሥር ዘረጋንና ቀንበጡን ሁሉ ገልብጠን በተንን። አንዳችን ውሃ ስንረጭ አንዳችን ስናገላብጥ፣ የሚያየን ሰው ምን ይል እንደነበር አላውቅም።

የሚያዩን ነበሩ። ግመሎቻቸውን ውሃ ሊያጠጡ የወረዱ ሰዎች ከኋላችን ቆመው ይመለከቱናል። ጸጉራቸው የተጎፈረ፣ ጦር የያዙ፣ ረጃጅም ሰዎች ናቸው። እኔ ፈራሁ። እቴቴ ግን ተነስታ ሰላምታውን ጀመረች፣ እነሱም መለሱ፣ ረጅም ወሬ ሆነ። አንደኛው ቀንበጥ አንስቶ አሸተተና የሆነ ነገር ተናገረ፤ ሁሉም ሳቁ።

"ምን አለ?" አልኳት።

"ፍየሎቻችሁ የት አሉ፣ ይሄ ሁሉ ሣር ለማን ነው አለ። ለፋርሶ ነው አልኩት። ሲጠመቅ ጥሩን ብሏል።"

የእቴቴ ባል ለመንገድ ያስያዘንን ጨው ሰጠናቸው። ጆንያዎቹን በአንድ ትልቅ ግመል ላይ አሰሩ፤ ከዚያ ግመሉን አንበረከኩና ወደ እኔ እያዩ ጠበቁ። እኔን ነው የሚያስቀምጡት። በሕይወቴ ከአህያ በላይ የወጣሁበት እንስሳ የለም። ግመሉ ሲነሳ መጀመሪያ ወደ ፊት፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ ጣለኝ፤ የጆንያውን ገመድ አንቄ ያዝኩ። ውሃው ውስጥ ሲገባ እስከ ሆዱ ደረሰ፣ ከዚያ አልፎ እግሬን ነካው። ወንዙ ከሥሬ ሲሮጥ እያየሁ፣ ከፍርሃቴ ጋር አንድ ሌላ ነገር መጣ፤ ልቤ ዘለለ፣ መሳቅ ጀመርኩ፣ ማቆምም አቃተኝ። እቴቴ በሌላው ግመል ላይ እንደ እመቤት ቀጥ ብላ ተሻገረች። አህያዋን ሰዎቹ እየዋኙ በገመድ ሳቧት።

ቤት ስንደርስ ቀንበጡን በጥላ ላይ አሰጣሁትና ወዲያው ጥቂቱን ለሙከራ ወሰድኩ። የማውቀው የጌሾን መንገድ ስለሆነ፣ እንደ ጌሾ በሙቀጫ ወቅጬ ከብቅል ጋር በትንሽ እንስራ ጠነሰስኩ። ከቀናት በኋላ ስከፍተው ከላዩ ቅባት የመሰለ ነገር ተንሳፍፎ ነበር። ቀመስኩት፣ ምላሴ ደነዘዘ። ባለቤቴ ቀመሰና አፉን በእጁ ጠረገ።

"አዲስ የተላገ ሣጥን የላስኩ መሰለኝ" አለ።

እቴቴ ደግሞ ቀምሳ ተፋችው፤ ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ስቃ ስቃ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። እኔ ማልቀስ ነበር የቃጣኝ።

"የእናቴ እንዲህ አልነበረም" አለች ሳቋ ሲበርድላት።

"እናትሽ ምን ነበር የሚያደርጉት? አስቢ እስኪ።"

"ልጅ ነበርኩ አልኩሽ። ቅርንጫፉን ከጋኑ ሥር ስታነጥፍ አስታውሳለሁ። ደግሞ ጥቁር ድስት ነበራት። እሳት ላይ ነበር ድስቱ። በጭልፋ ከላዩ እየቀዳች ውጭ ትደፋዋለች። ደጃፉ ሁሉ ያጣብቅ ነበር።"

ተያየን። ያጣብቅ የነበረው ሙጫው ነው። እናቷ ቀንበጡን ትቀቅለው ነበር እንጂ አትወቅጠውም፤ ከላይ የሚንሳፈፈውን እየገፈፈች ትደፋለች። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ተነሳን። እሷ እሳት አነደደች፣ እኔ ድስቱን ጣድኩ። ውሃው ሲፈላ ያው ቅባት ከላይ መጣ፤ ገፈፍኩት፣ ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ገፈፍኩት። ኋላ መምጣቱን ተወ፣ ውሃውም ቀስ በቀስ የማር መልክ ያዘ። በማንኪያ አቀዝቅዤ ቀመስኩ። ምሬቱ አለ፣ ግን የጌሾ ምሬት አይደለም፤ አፍ ውስጥ ይገባና ይጠፋል፣ ከኋላው ያ ጫካ ውስጥ የቀመስኩት ቅዝቃዜ ይመጣል። ማንኪያውን ለእቴቴ ሰጠኋት። ቀመሰች። "እሱ ነው" አለች። ድምጿ ተለውጦ ነበር። "ይሄ እሱ ነው።"

ፋሲካን ጌሾ ደብቃ ያቆየች አንዲት ሌላ ጎረቤት በጠመቀችው ጠላ ፈሰክን። ከዚያ በዓሉ እንዳለፈ ትልቁን ጋን በግራዋ አጠብኩ፣ በወይራ ጭስ አጠንኩ፣ ከሥሩ የተቀቀለውን ቀንበጥ አነጠፍኩ፤ የጥዱን ውሃ አቀዝቅዤ አፈሰስኩበት፣ ብቅሉን ጨመርኩ። ለእርሾ ከዚያችው ጎረቤት የፋሲካ ጋን ሥር የቀረውን አተላ አደረግኩበት። ቂጣውን ጋግሬ ቆራርሼ ከተቆላው የገብስ ዱቄት ጋር ከተትኩና አፉን በጭቃ መረግኩት።

መጀመሪያ ዝም አለ። ጆሮዬን ጋኑ ላይ ደግፌ ብሰማ ምንም የለም። ጌሾ ካልገባበት አይነሳም የሚለው የእናቴ ቃል ይመጣብኛል። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ደገፍኩ። ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ ሣር ላይ የሚወርድ ዝናብ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። እንዲያው በባዶ እግሬ ወጥቼ እቴቴ በር ላይ ደረስኩ። "ይናገራል" አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እሷም ነጠላዋን ሳትለብስ ተከትላኝ መጣች፤ ሁለታችን ከጋኑ ግራና ቀኝ ጆሯችንን ለጥፈን፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን አዳመጥን።

ባለቤቴንም ለከፈው። ከሥራ ሲመለስ ፊቱን ሳይታጠብ በቀጥታ ወደ ጋኑ ይሄዳል። ጋኑ ላይ ከአቧራው የተነሳ የጆሮው ቅርጽ ታትሞ ይቀር ነበር። "ዛሬ በርትቷል" ይለኛል፣ እንደ ሐኪም። እኔ ደግሞ ጠርጌ ጠርጌ መጨረሻ ላይ ተውኩት።

ልደታ ደረሰ። ስከፍተው የወጣውን ሽታ ቤቱ አልቻለውም፤ ውጭ ዳስ የሚያስሩት ወንዶች ሥራቸውን አቁመው ወደ በሩ ዞሩ። አጥልዬ ስቀዳው ወርቅ ቢጤ፣ ጥርት ያለ ነው። ማኅበርተኛው ገብቶ ተቀመጠ። ሴቶቹ ጌሾ ከየት አገኘች እያሉ በዓይናቸው ሲነጋገሩ አየኋቸው። የቡልጋዋ ወይዘሮ ከቄሱ ቀጥሎ ተቀምጠዋል። ቄሱ ለመባረክ ሲነሱ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

"አባ፣ ሳይባርኩ አንድ ነገር ይወቁልኝ" አልኩ። "ጌሾ የለበትም። የጥድ ቀንበጥ ነው።"

አንድ ሽማግሌ ከጥግ፣ "የሬሳ ሣጥን የሚሠራበት ጥድ?" አሉ።

ቄሱ ዋንጫውን ይዘው አሰቡ። "በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ያለው ጥድ ነዋ" አሉ። "ከሥሩ ተቀምጠን አይደለም እንዴ የምንመክር? ዛፍ ምን አደረገን?" ባረኩ። ቀመሱ። ሪዛቸውን ጠረጉና ዋንጫውን መልሰው ዘረጉልኝ። ቀዳሁላቸው።

አሁን ሁሉም ሰው ወይዘሮዋን ነው የሚያየው። አሸተቱ። አሽትተው ቆዩ፣ ደግመው አሸተቱ። ወደ ብርሃን ዘንበል አደረጉት። ጠጡ። እጃቸው ወደ መሬት ሲወርድ አየሁና ልቤ አብሮ ወረደ። እጃቸው ግን ጉልበታቸው ላይ ቆመ።

"ይሄ ጠላ አይደለም" አሉ።

"እሺ፣ እሜቴ።"

"ጌሾ የሌለው ነገር ጠላ ተብሎ አይጠራም። ሌላ ስም ይፈለግለት።" የቀረውን እስከ መጨረሻው ጨለጡና ዋንጫውን ዘረጉልኝ። "እስኪ ስሙ እስኪገኝ ሙይልኝ።"

ያን ጊዜ ዳሱ በአንድ ላይ ተነፈሰ። ሳቅ ሆነ፣ ዋንጫ ከየአቅጣጫው ተዘረጋ፣ ባለቤቴ ማሰሮ ይዞ አብሮኝ መቅዳት ጀመረ፤ ወንድ ልጅ ጠላ ሲቀዳ ያን ቀን ማንም ነውር ነው አላለም። ጥግ ያሉት ሽማግሌ ብቻ ውሃ ጠየቁ፣ ውሃ ሰጠኋቸው፤ እስከ መጨረሻውም አንድ ጠብታ አልቀመሱም።

እቴቴ ከማድቤት ሆና በግድግዳው ቀዳዳ ታይ ነበር። የማኅበሩ ሰው ስላልሆነች አልገባም ብላለች። ወይዘሮዋ "ይሄን ማን አስተማረሽ?" ሲሉኝ ሮጬ ሄጄ እጇን ይዤ አመጣኋት። መሐል ላይ ቆማ አፈረች። ስለ እናቷ ጠየቋት። መጀመሪያ በአማርኛ ጀመረች፤ ስለ ጥቁሩ ድስት ስትደርስ ቸኮለችና ኦሮምኛው ቀደማት። ወይዘሮዋ በዚያው በኦሮምኛ መለሱላት። ጥርት ባለ ኦሮምኛ። ሁላችንም ዞረን አየናቸው፤ እቴቴ አፏን ይዛ ቀረች። ከዚያ ከጎናቸው ቦታ አስለቀቁላትና ማኅበሩ እስኪበተን ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እኛ ግማሹን የማንሰማውን ወሬ ሲያወሩ ዋሉ።

በዓመቱ ጌሾው አቆጠቆጠ። እኔም ወደ ጌሾዬ ተመለስኩ፤ ግን በልግ ሲመጣ እቴቴና እኔ ሽቅብ መውጣታችንን አልተውንም። ስሙ ግን አልተገኘለትም። አንዱ የጥድ ጠላ ይለዋል፣ አንዱ ፋርሶ፣ የጣቢያው ሠራተኞች ደግሞ "ያ የደጋው" ነበር የሚሉት።

ኋላ ባለቤቴ ወደ መተሐራ ተዛወረ። አገሩ ሙቀት ነው፣ ከእሾህና ከጥቁር ድንጋይ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። የመጀመሪያው በልግ ላይ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጭነት ባቡር ቆመና ፍሬን ያዡ ስሜን እየጠራ ወረደ። አዳማ ላይ አንዲት ሴት ይዛው ቆማ፣ ባቡሩ ሳይቆም ቀረ ብላ ተቆጥታ፣ ደግማ በማግስቱ መጥታ የሰጠችው ጆንያ ነው። አፉ በቅጠል ተከድኗል። ገመዱን እዚያው ጣቢያው ላይ በጥርሴ ፈታሁት። በዚያ ሙቀት ውስጥ ያ ቀዝቃዛ ሽታ ሲወጣ፣ ከፉርጎው ጥላ ሥር ተኝተው የነበሩ ተሸካሚዎች ሁሉ ተነስተው ተቀመጡ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለኝ አንዱ።

"ቅዳሜ ሳምንት ና፣ ታየዋለህ" አልኩትና ጆንያውን አሸክሜው ወደ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ድስቱ ተጥዶ፣ እኔ ጭልፋዬን ይዤ እየገፈፍኩ ነበር።